ጥይት የማይበሳው ጀግና ደፋር ነው ወይ?

እኛ የሥዕል ታሪክ ወዳጆች በዚህ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ቁጥራችን ብዙ አይደለም። ይሁንና ሁለት ሦስት ሆነን በተቀመጥን ቁጥር አንድ ክርክር አያልቅብንም፤ «ከልዕለ ኃያላኑ ማን ይበልጣል?» የሚል። አንዱ ሱፐርማን ይላል፤ ሌላው ስፓይደርማን ይላል፤ የአገራችንን ጀምበርን የሚያስቀድምም አይታጣም። ዛሬ ማን ማንን ይጥላል የሚለውን ወደ ጎን ትተን፣ ከዚያ በፊት መጠየቅ የነበረበትን እንጠይቅ። ለመሆኑ ጥይት የማይበሳው ሰው ወደ ተኩስ ቢሮጥ ደፋር ይባላል ወይ?

«እናንተ ደግሞ! ፈተና ደርሶ የሕፃን መጽሔት ታወራላችሁ» የሚለን አንባቢ እንዳለ እናውቃለን። ትንሽ ይታገሠን። ጥያቄው ስለ ሱፐርማን ይምሰል እንጂ መድረሻው እኛው ዘንድ ነው።

ሱፐርማንን እ.ኤ.አ. በ1938 ለንባብ ያበቁት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት የክሊቭላንድ ወጣቶች ናቸው። መኪና እንደ ቅል የሚያነሣ ሰው ፈጥረው መብቱን የሸጡት በ130 ዶላር ነበር። ታሪኩ ተወደደ፤ ዳሩ ግን አንድ ጣጣ አለበት። ምንም የማይነካው ሰው ቢሄድም ቢመጣም አንባቢ አይሰጋለትም። እ.ኤ.አ. በ1943 በሬዲዮ ድራማው ላይ ክሪፕቶናይት የሚባል፣ ጉልበቱን የሚያሟጥጥ ድንጋይ ተፈለሰፈ። ልብ በሉ! ሱፐርማን ወደ አደጋ ሲገባ ልባችን መሰቀል የጀመረው ሊሞት እንደሚችል ካወቅን ወዲህ ነው። ስለዚህ ጀግና ያሰኘው ጉልበቱ ሳይሆን ድካሙ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው ስፓይደርማን ይህን ከሥሩ የያዘ ይመስለናል። ልጁ ተማሪ ነው፤ ድኻ ነው፤ ያሳደጉት አጎቱና አክስቱ ናቸው። ኃይሉን ባገኘ ሰሞን አንድ ሌባ በፊቱ ሲያመልጥ «ምን አገባኝ» ብሎ አሳለፈው፤ ያው ሌባ አጎቱን ገደለበት። ከዚያ በኋላ ለኃይሉ የሚከፍለው እንደኛው በምናውቀው ነገር ነው፤ በትምህርቱ፣ በቤት ኪራይ፣ በሚወዳት ልጅ። ግድግዳ መውጣቱ ተሰጥኦ ነው፤ ምስጋና አይገባውም። ምስጋና የሚገባው ሊያጣው የሚችለውን ይዞ መውጣቱ ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 የብስራት ደበበ ኤታን ኮሚክስ «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። አማኑኤል ጥላሁን ዲግሪውን ይዞ በአዲስ አበባ ሥራ ሲፈልግ ከሰው በላይ የሆነ ኃይል ያገኛል። ተከትሎ የመጣው «ሐዊ» ደግሞ የታገተች እናቷን ለማዳን የተነሣች ወጣት ታሪክ ነው። ሁለቱንም ወደናቸዋል። በተለይ ጀምበር የሌላ ፕላኔት ሰው አይደለም፤ «0 ዓመት ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ፍለጋ ሰሌዳ ለሰሌዳ የሚዞር የነገው እኛ ነው። ያም ሆኖ አንድ ነገር ይከነክነናል፤ አማኑኤል ኃይሉን ባያገኝስ ኖሮ? ማስረጃውን በፕላስቲክ እንደያዘ ቢቀር ከእርሱ የምንጠብቀው አልነበረም ማለት ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልሱ ከመጽሔት ገጽ ላይ አልተገኘም፤ ከሶዶ የሳውላን መንገድ ይዞ ለሚሄድ ሩቅ ካልሆነ ቦታ ነው የተገኘው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንዶ ሰዎችን ቀበረ። የሰማ ሁሉ ሮጦ መጣ፤ በአካፋና በባዶ እጅ ጭቃ ይቆፍር ጀመር። እነሱ ሲቆፍሩ ተራራው ሁለተኛ ተናደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ለማዳን ሮጠው ከቀሩት መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የግብርና ባለሙያዎች እንደነበሩበት በወቅቱ ተነግሯል። መምህር፣ የጤና ባለሙያ፣ የግብርና ባለሙያ! እነዚህ ማን ናቸው? ከኛ ቀድመው እንደኛ ባለ ወንበር የተቀመጡ፣ ተምረው የገጠር ቀበሌ የደረሳቸው ሰዎች አይደሉም ወይ?

እዚህ ላይ ሁለት ሙግት ይነሣብናል። አንደኛው «ሱፐርማን ቢሆን ኖሮ ሁሉንም በአንዴ ያወጣ ነበር፤ ከጭቃ ለወጣ ሰው ያወጣው ደፋር ሆነ አልሆነ ምኑ ነው?» ይላል። እውነት ነው። ከጭቃ የወጣች እናት የአዳኟን ልብ አትመረምርም። ነገር ግን ጠቃሚነትና ጀግንነት ለየቅል ናቸው። ዶዘርም መቶ ሰው ያወጣል፤ ዶዘርን ጀግና ያለ ግን አልሰማንም።

ሁለተኛው «ሞኝነት ነው፤ የሚናድ ተራራ ሥር መግባት ምን ይባላል?» ይላል። እኛ ሞታቸውን አናሞግስም። ሁሉም በሕይወት ቢመለሱ ኖሮ ጀግንነታቸው በአንዲት ቅንጣት አይቀንስም ነበር። ደግሞም ጀግና መደጋገም የአገር ጤና አይደለም። አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅና ሰውን ከገደል ሥር የሚያነሣ ቢኖር ኖሮ መምህሩ አካፋ ይዞ ከተራራ ጋር ባልተያያዘ። ስለ ጀግኖች የምንጽፈው ምስጋና ለቸልተኞች የነጻነት ወረቀት እንዳይሆን መጠንቀቅ አለብን።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ግን ሐቁ አይለወጥም። በ1887 ዓ.ም. ካዎ ጦና አብዛኛው ጦርና ጋሻ የያዘ ሠራዊት አሰልፈው ጠመንጃን ገጠሙ፤ ተሸነፉ፤ ተማረኩ። ወላይታ ስማቸውን ዛሬም የሚያነሣው ስላሸነፉ አይደለም። ሕዝብ በዚህ አይሳሳትም፤ ምን ቻለ ብሎ ሳይሆን ምኑን አስያዘ ብሎ ነው የሚመዝነው።

እንግዲህ የምንፈራው ልዕለ ኃያሉን መውደዳችንን አይደለም፤ ኃይልን መጠበቅ እንዳያስለምደን ነው። «ሥራ ስይዝ ቤተሰቤን እረዳለሁ፤ ሹመት ሳገኝ እውነቱን እናገራለሁ፤ አቅም ሲኖረኝ ለተበደለ እቆማለሁ» እንላለን። ሲሆን ሲሆን ይመጣል፤ ካልመጣስ? ከመጣም የሚያገኘው ሳይቆርሱ መኖር የለመደ ሰው ነው። ዛሬ 1 ዳቦ ከጓደኛው ጋር ያልተካፈለ ነገ መጋዘን ቢሰጠው ቁልፉን ያጠብቃል እንጂ በሩን አይከፍትም።

ስለዚህ ክርክሩ በቀጠለ ጊዜ የእኛ ድምፅ ይኸው ነው። ጀምበርን ማንበባችንን አንተውም፤ አዲስ ክፍል ሲወጣም ማን ይቅደም ብለን እንሻማለን። ማን ይበልጣል ለሚለው ግን ሱፐርማንም ስፓይደርማንም አንልም። ካባ የሌለው፣ መብረር የማይችል፣ ያን ጠዋት አካፋ ይዞ የሮጠው የገጠር መምህር ይበልጣል።