ስለ ነብርና ስለ ኢትዮጵያዊው

እንግሊዞች ክፉ ዐመሉን የማይተው ሰው ሲያዩ ነብር ዝንጕርጕርነቱን አይለውጥም ይላሉ። በካርቱም ሳጃና ሰፈር እንግሊዝኛ ይማሩ የነበሩ ልጆቻችን ይህን የእንግሊዝ ጥበብ ያደርጉት ነበር። ነገሩ የኤርምያስ ነው፤ ምዕራፍ 13 ቍጥር 23፤ በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የእንግሊዞች መጽሐፍ ቅዱስም ይዞታል። ነቢዩ ግን ኢትዮጵያዊ መልኩን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን ብሎ ከነብሩ አስቀድሞ ኢትዮጵያዊውን ጠርቷል። እነርሱ ነብሩን ይዘው እኛን ተዉን።

ክፋት የለመደ ይሁዳ አይመለስም ሲል ነው።

አንድም፤ ይመለስ ዘንድ ሲል ነው። ስለምን ቢሉ፥ በዚያው ምዕራፍ ኢየሩሳሌም መቼ ትነጺ ይሆን እያለ አዝኖላታል፤ ለማይመለስ አይታዘንም። በስደት መጠጥ የጣለውን ወንድማችንን «እርሱማ አይለወጥም» ብለን የተውን እኛ፥ ከነቢዩ ኀዘኑን ሳይሆን ዘለፋውን ብቻ ወሰድን።

አንድም፤ ኢትዮጵያዊ ያለው በኋላ ከጕድጓድ የሚያወጣውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ አቤሜሌክን በትንቢት አይቶ ነው። ታሪክ፦ አለቆች ኤርምያስን ጭቃ ባለበት ጕድጓድ ጣሉት። ወገኖቹ ዝም ሲሉ ይህ ጃንደረባ በብንያም በር ለተቀመጠው ለንጉሡ ለሴዴቅያስ ነገረ፤ 30 ሰው ይዞ ሄዶ ገመድ አወረደ። ገመዱ ብብቱን እንዳይልጠው አሮጌ ጨርቅ ላከለት። መልኩን አይለውጥም የተባለው፥ የነቢዩ ቆዳ እንዳይላጥ የተጨነቀው እርሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ምኑን ይለውጥ? ተረፈ ባሮክ የተባለው መጽሐፍም አቤሜሌክ 66 ዓመት አንቀላፍቶ ቢነሣ የያዘው በለስ እንደ ትኩስ ነበር ይላል። አለመለወጥ ነውር ቢሆን በለሱ ባልተመሰገነ።

ግሪኮችም ለከንቱ ድካም ኢትዮጵያዊን ማጠብ የሚል ምሳሌ ነበራቸው። እንዲህ ለሚሉ የጋዛ መንገድ መልስ ነው፤ ኢትዮጵያዊው የንግሥት ህንደኬ ባለሟል ከኢሳይያስ እያነበበ ሲሄድ ፊልጶስ አጠመቀው። ከውኃው እንደ ጠቈረ ወጣ፥ ደስ እያለውም መንገዱን ሄደ። ጥምቀት ያነጻው ነፍሱን ነው፤ መልኩን ማን ከሰሰው? ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ከሳጃና የተበተናችሁ፥ ይህን የሩቅ ታሪክ አታድርጉት። የህንደኬ ከተማ መርዌ ከካርቱም በስተሰሜን፥ ውኃውን በጠጣችሁት በዓባይ አጠገብ ናት።

አንድም፤ የመልክ መለወጥ ቅጣት ነው ሲል ነው፤ የሙሴን ኢትዮጵያዊት ሚስት ያማች እኅቱ ማርያም በለምጽ እንደ በረዶ ነጥታ 7 ቀን ከሰፈር ወጥታለች።

አንድም፤ ነብር ያለው ዲያብሎስን ነው፥ ንስሐ የለውምና።