ቢጫ አበባው እንዳያዘናጋችሁ

ልጆቼ፣ ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ነውና ምሳሌውን ከደጃችን ላንሣው። የአዊን ምድር፣ በተለይ ፋግታ ለኮማን፣ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ባበበ ሰሞን ያየ ሰው ተራራው ቢጫ ጋቢ የደረበ ይመስለዋል። ዛፉ አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ እንግዳ ሆኖ መጣ፣ ባለቤት ሆኖ ተቀመጠ። እኔ አልከሰውም። በዚህ አገር ስንቱን ቆርቆሮ ቤት ያቆመ፣ ስንቱን ልጅ ያስተማረ የእሱ ከሰል ነው።

ዘሩ ጥቁር ነው፣ ልብሱም ድንጋይ። ውሃ አፍሉ፣ ከእሳት አውርዱ፣ ዘሩ ላይ ገልብጡበትና እዚያው ይደር። «ከእሳት አውርዱ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ቸኩዬ ዘሩን ከውሃው ጋር አብሬ ጣድኩት። ባለቤቴ ክዳኑን ከፍታ አየችና «ንፍሮው ለየትኛው ማኅበር ነው?» አለችኝ። ከዚያ ሁሉ ዘር አንድም አልበቀለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔማ የምለቅመውም አልተረፈኝ።

ችግኙ በላስቲክ ውስጥ አራት አምስት ወር ይቆያል፤ ስለዚህ ለሐምሌ ተከላ የካቲት ላይ አፈር ሙሉ። ዳስ ይሠራለት፤ መተከያው ሲቀርብ ግን ዳሱን ቀስ በቀስ አንሡበት፣ ውሃውንም ቀንሱበት፤ ከጉያ ወጥቶ ዶፍ የሚቀበል ልጅ አስቀድሞ ብርድ መልመድ አለበት። ስትተክሉም ላስቲኩን ቅደዱ። ከነላስቲኩ የቀበሩትን ችግኝ በሁለት ዓመቱ ነቅዬ አይቼዋለሁ፤ ሥሩ እንደ ድር ማግ ተጠምጥሞ ራሱን አንቆ ነበር።

በመጀመሪያው ክረምት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል። በሁለተኛው ዓመት ሣሩ ታጭዶ ለከብት ይሆናል፤ ከብቱን ግን አታስገቡ፣ ሣሩ ወደ ከብቱ ይሂድ። በአራት በአምስት ዓመቱ ይቆረጣል። እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጥልኛል ብላችሁ አትጠብቁት፤ እንደ ገና ይተከላል። ሥሩን አጠብ አድርጋችሁ ብታዩት እንደ ባቄላ ሥር ትናንሽ ጉብጉብ ነገር አለበት፤ መሬቱን የሚያበላው እሱ ነው። ከተቆረጠ በኋላ የሚዘራው ጤፍ የሚያምረው ለዚህ ነው፤ ከሰል በተከሰለበት ቦታማ ይብሳል።

እስኪ አሁን ወደ ሆዴ ነገር ልግባ። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ይባላል። መጀመሪያ የተከልነው የደከመውን፣ ኮምጣጣውን መሬት ነበር። ገንዘቡ ሲጥም ወደ ገብሱ ማሳ ተሻገርን፤ ቀጥሎ ወደ ድንቹ፤ ቀጥሎ እስከ ጓሮው አጥር። የጤፍ አገር ሰው ጤፍ ከገበያ በላዳን መሸመት ጀመረ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም የሚለውን አባቶቻችን ሲነግሩን ስለ ዓይን ብቻ ያወሩ መስሎን ነበር እንዴ?

ኋላ በሽታው መጣ። የስንዴ ዋግ ዘመድ ነው፤ በነፋስ ይሄዳል፣ አጥር አያውቅም። ቅጠሉ ላይ ዝገት የመሰለ ቡናማ ነገር ይታያል፤ ከዚያ ዛፉ ከጫፉ እየደረቀ ይወርዳል። ሁሉ ሰው አንድ ዓይነት ዛፍ ተክሎ ነበርና በሽታው ከማሳ ወደ ማሳ ሲሻገር የሚያቆመው ምንም አላገኘም። ያን ጊዜ ድንቹን ያልነቀለ ጎረቤቴ አዝኖ አደረ፤ ሁሉን ዲከረንስ ያደረገው ደግሞ ተርቦ አደረ።

ስለዚህ ትከሉ፣ ግን መሬታችሁን ክፈሉት። ለጤፉም፣ ለድንቹም፣ ለሣሩም ድርሻውን ስጡት። ዝገት ከታየበት መንደር ችግኝ ረከሰ ብላችሁ አትግዙ። በየሳምንቱ በችግኙ መካከል ተመላለሱ፤ ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ፣ ጀርባውን ጭምር።

ልጄ ዘንድሮ ግማሹን ማሳ ለዲከረንስ፣ ግማሹን ለድንች ሰጠ። ጥግ ላይ ያሉትን ሁለት ዋንዛዎች ያስተከልኩት እኔ ነኝ። ለጣውላ እስኪደርሱ እንደማልኖር ያውቃል፤ ምንም አላለኝም። ባልዲውን አንሥቶ ውሃ ሊቀዳ ወረደ።