ሲስተሙ ማነው?

ደጅ መጥናት እኛ ዘንድ የቆየ ሙያ ነው። ድሮ ባለጉዳይ ጌታው ደጃፍ ላይ ነጠላውን አጣፍቶ ቆሞ ይውላል፤ ዓይን እስኪያገኘው ይጠብቃል። ጌቶቹ ሄዱ፣ ደጁ ግን ቢሮ ሆኖ ቀረ። "ነገ ተመለስ"፣ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው"፣ "ፋይልህ እየተፈለገ ነው" የሚሉት ቃላት እዚሁ ደጅ ላይ ያደጉ ናቸው። አሁን ደግሞ ደጁ ኮምፒውተር ውስጥ እየገባ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ፣ ደጅ መጥናቱ ቀረ ወይስ ደጁ ብቻ ነው የተቀየረው?

ነገሩን በመብራት እንየው። ቦሌ ላይ መብራት ሲጠፋ ከየሕንጻው ጓሮ ጄኔሬተር መጮህ ይጀምራል። ጄኔሬተር መግዛት ያልቻለው የገርጂ እንጨት ሥራ ቤት ወይም የጉርድ ሾላ ወፍጮ ቤት ግን እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። ወንዝ አጥተን አይደለም። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። መንግሥት ብቻውን እንደማይዘልቀውም ከታወቀ ቆይቷል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 የፈቃድ ሥርዓት ዘርግቷል፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ከኮርቤቲና ከቱሉ ሞዬ የእንፋሎት ኃይል አልሚዎች ጋር የኃይል ግዢ ውል ተፈርሟል። ነገር ግን ኃይል አመነጫለሁ የሚል ሰው መሬቱን ከአንዱ፣ የአካባቢ ይሁንታውን ከሌላው፣ የማመንጫ ፈቃዱን ከሦስተኛው፣ ውሉን ከአራተኛው ይለምናል። እንግዲህ ይኼ ሁሉ በአንድ መስኮት፣ በኢንተርኔት ይለቅ ቢባል ማን ይጠላል?

እኔም አልጠላም። ማሽን "የማን ልጅ ነህ?" ብሎ አይጠይቅም። አገር ቤትህን፣ አብሮ አደግህን፣ ኪስህን አያውቅም። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" በሚባልበት አገር ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፈቃድ ችሮታ መሆኑ ይቀራል። መስፈርቱን ያሟላ ሰው መብቱን ወሰደ እንጂ ውለታ አልተዋለለትም፤ ስለዚህ አጎንብሶ "እግዜር ይስጥልኝ" የሚልበት ምክንያት የለም።

ግን ሌላም ነገር አየሁ። ባለፈው አንድ ቢሮ ወረፋ ይዤ ሳለሁ ከፊቴ የነበሩ እናት ተራቸው ደረሰ።

"ሲስተም የለም እማማ።"

"መቼ ይመጣል ልጄ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ሲስተሙ ነው።"

እናትየው ወጡ። ልጁን አልፈረድኩበትም፤ እውነቱን ነው የተናገረው። የከነከነኝ መልሱ ባለቤት ማጣቱ ነው። ድሮ "አይሆንም" የሚል ሰው ፊት ነበረው፤ ትለምነዋለህ፣ ትሟገተዋለህ፣ ቢከፋ አለቃው ዘንድ ትከሰዋለህ። ሲስተም ግን አለቃ የለውም፤ ጆሮም ይሉኝታም የለውም። ከኋላው የተቀመጠው ሰው ግን ዛሬም ሰው ነው፤ ወረቀቱን ማዘግየት የሚችለው አሁንም እሱ ነው፣ ልዩነቱ አሁን አይታይም።

የሴኡል ከተማ አስተዳደር በ1999 እ.ኤ.አ. የከተማዋን ፈቃዶች በኢንተርኔት ሲያወጣ ትልቁ ቁም ነገር ፍጥነቱ አልነበረም። አመልካቹ ጉዳዩ የትኛው ክፍል፣ በየትኛው ሠራተኛ እጅ እንዳለ ቤቱ ቁጭ ብሎ እንዲያይ ተደረገ። ማሽኑ ሹሙን አልሸሸገውም፤ አደባባይ አወጣው። እኛም ዘንድ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. "መሶብ" የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሲጀመር ስሙ ደስ ብሎኝ ነበር። መሶብ ላይ ደግሞ ማን ስንት እንደጎረሰ ሁሉም ያያል።

መሶቡ ዙሪያ ያልተቀመጠውስ? የኃይል ፈቃድ የባለሀብቱና የቢሮው ጉዳይ ብቻ አይደለም። የግጦሽ መሬቱ ላይ የነፋስ ተርባይን የሚተከልበት፣ እርሻው ላይ ምሰሶ የሚቆምበት ገበሬ አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት አዟል። ታዲያ ሽቦው በራሱ ላይ እያለፈ እቤቱ ግን መብራት ያልገባለት ሰው አስተያየቱን በየትኛው ኮምፒውተር ይላክ?

ሁለት ዓይነት መዘግየት አለ። አንዱ ሹሙ ቡናውን እስኪጠጣ የሚጠበቀው ነው፤ እሱ ዛሬውኑ ይጥፋ። ሌላው ሰው እስኪደመጥ የሚጠበቀው ነው። ሁለቱን "ቢሮክራሲ" ብለን አንድ ላይ ከጠረግናቸው ሥራ አላቀላጠፍንም፤ የገበሬውን ቀን ቀምተን ለባለሀብቱ ሰጠን።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ተቋማት ለውሳኔያቸው ምክንያት እንዲሰጡ፣ ቅር የተሰኘም ፍርድ ቤት እንዲሄድ መንገድ ከፍቷል። ሲስተሙን ስንሠራ ይኼን አብረን እንሥራው። "አልተፈቀደም" የሚለው ቃል ሥር ምክንያቱ ይጻፍ፤ ምክንያቱ ሥር የሰው ስም ይጻፍ፤ ስሙ ሥር አቤት የሚባልበት ቦታ ይጻፍ። ኮምፒውተር የማይነካው ደግሞ ቀበሌው ድረስ ሄዶ የሚጠይቀው ሰው ይመደብለት። ያኔ "ሲስተሙ ማነው?" ብሎ የሚጠይቅ ዜጋ፣ ሰው የሆነ መልስ ያገኛል።