ኪሳራው የማን ነው?

በቢዝነስ ፋኩልቲ ከሚሰጡት ኮርሶች መካከል ኢንተርፕርነርሺፕ ለብቻው የሚቆም ጠባይ አለው። የአካውንቲንግ መምህር ፈተና ሲያወጣ መልሱን ያውቀዋል፤ ዴቢቱና ክሬዲቱ እኩል ካልመጣ ተማሪው ተሳስቷል፣ በቃ። ስታቲስቲክሱም፣ ፋይናንሱም ከዚህ ብዙ አይርቁም። «ይህ ሥራ ቢጀመር ያዋጣል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ግን መምህሩም መልስ የለውም። ቢያውቀውማ ያስተምር ነበር ወይ እያሉ ተማሪዎች ያሙታል። ሐሜቱ ለመምህሩ ፍትሐዊ አይደለም፤ የኮርሱን ባሕርይ ግን ሳያስበው ነክቶታል።

ትምህርቱ ዕድሜው አጭር ነው። ማይልስ ሜስ እ.ኤ.አ. በ1947 በሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል አዳዲስ ድርጅቶችን ስለ መምራት ማስተማር ሲጀምር 188 ተማሪዎች ተመዝግበውለት ነበር፤ የታሰበውም ከጦር ሜዳ ተመልሰው ኑሮ ለሚጀምሩ ወጣቶች ነበር። ዛሬ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የቢዝነሱ ተማሪ ብቻ ሳይሆን የኢንጂነሪንጉም ተማሪ የሚወስደው የጋራ ኮርስ ሆኗል።

በሃንድአውቱ የመጀመሪያ ገጾች ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንደኛው ጆሴፍ ሹምፒተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ባወጣው መጽሐፉ ሥራ ፈጣሪን ያለውን ነገር በአዲስ መልክ የሚያቀናጅ ሰው አድርጎ አቀረበው፤ አዲስ ምርት፣ አዲስ የአመራረት ዘዴ፣ አዲስ ገበያ፣ አዲስ የጥሬ ዕቃ ምንጭ፣ አዲስ አደረጃጀት ይዞ የሚመጣ። ሌላው ፍራንክ ናይት ነው። እሱ እ.ኤ.አ. በ1921 በስሌት ሊለካ የሚችለውን አደጋ ማንም ሊለካው ከማይችለው ጥርጣሬ ለየ። የመጀመሪያውን ኢንሹራንስ ይሸከመዋል። ሁለተኛውን ግን አንድ ሰው ራሱ ፈርዶ፣ ራሱ መሸከም አለበት፤ ትርፍ የሚባለውም የሚመነጨው ከዚያ ነው። ተማሪው ሁለቱንም ሸምድዶ ለሚድ ኤግዛም ይጽፋቸውና ያልፋል።

የሚያልፈው ግን አንድ ትልቅ ክርክር ላይ ተረማምዶ ነው። ሹምፒተር ኪሳራን መሸከም የሥራ ፈጣሪው ድርሻ አይደለም ባይ ነበር። የሥራ ፈጣሪው ድርሻ አዲሱን ነገር ማየትና መፈጸም ነው፤ ሥራው ቢወድቅ የሚጎዳው ገንዘቡን ያበደረው ነው። ናይት ደግሞ ሸክሙን ከዚያው ከሚወስነው ሰው ትከሻ አያወርደውም። የገዛ ሕይወቱ ለሹምፒተር አልመሰከረለትም። እ.ኤ.አ. በ1921 በቪየና የቢደርማን ባንክ ፕሬዚዳንት ሆነ፣ በ1924 ሥልጣኑንም ሀብቱንም አጣ፣ ዕዳውን ከፍሎ ለመጨረስም ዓመታት ፈጀበት። ይህን ለማላገጥ አላነሳሁትም፤ ቲዎሪው በራሱ ደራሲ ላይ ሲፈተን ምን እንደሚመስል ማየት ስለሚጠቅም ነው።

ክርክሩ አዲስ አበባ ሲደርስ የፅንሰ ሐሳብ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። የሹምፒተር ሥራ ፈጣሪ ከጀርባው ባንክ አለው፤ ሐሳብ ላለው ሰው የሚያበድር፣ ሲከስርም አብሮ የሚከስር። የእኛ ተመራቂ ባንክ ቤት ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው መያዣ ነው፤ ቤት፣ መኪና። እርግጥ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ሌላ የሚንቀሳቀስ ንብረትም ለብድር ዋስትና እንዲሆን መንገድ ከፍቷል፤ ከምረቃ ማግስት ያለ ልጅ ግን የሚንቀሳቀስም የማይንቀሳቀስም የለው። ስለዚህ የሹምፒተርን ባንክ ቦታ የምትይዘው አክስቱ ናት። ወይም ወንድሙ፣ ወይም ከዓረብ አገር የምትልክ እህቱ። ወይም እናቱ ዕቁቧ ሲወጣላት።

ዕቁብ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ክፍል ውስጥ ብዙውን ጊዜ እንደ ባህል ብቻ ተጠቅሶ ያልፋልና። ዕጣው መጀመሪያ የወጣለት ሰው በእርግጥ ተበዳሪ ነው፤ መጨረሻ የሚወስደው አበዳሪ። መሐሉ ላይ አንዱ ወስዶ ቢጠፋ ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅ ገና ከመጀመሩ ይታወቃል፤ ለዚህ ነው ገንዘቡን የሚወስደው ሰው ዋስ የሚጠራው። ዳኛው አለ፣ ጸሐፊው አለ። ኪሳራው የማን እንደሆነ ሳይነገር ብር አይወጣም። ይህን ያህል ግልጽነት በተማሪዎች ቢዝነስ ፕላን ውስጥ አይገኝም። እዚያ ያለው የአምስት ዓመት የሽያጭ ትንበያ ነው፤ ቁጥሩ በየዓመቱ የሚያድግ፣ አንዴም ወደ ታች የማይወርድ። ናይት ቢያየው ምን እንደሚል መገመት አይከብድም፤ የማይለካው በኤክሴል ተለክቷል።

ልጃቸው «ሥራ ልጀምር» ሲላቸው «አይ፣ ደመወዝ ይሻልሃል» የሚሉ ወላጆችን የዘመኑ የማነቃቂያ ንግግር ወደ ኋላ የቀሩ አድርጎ ያቀርባቸዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ብዙዎቹ የሚያስታውሱት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የደርግ አዋጅ የግል ነጋዴን ካፒታል በችርቻሮ 200,000፣ በጅምላ 300,000፣ በኢንዱስትሪ 500,000 ብር ላይ ገድቦት ነበር። ትርፉ ጣሪያ ያለው፣ ኪሳራው ወለል የሌለው ንግድ ያየ ሰው ደመወዝን ቢመርጥ ፈሪ አያሰኘውም። ልጁ አዲስ ሐሳብ ያያል፤ እነሱ የሚያዩት ቢከስር የሚሸጠውን ነገር ነው። በናይት ቋንቋ ከተናገርን፣ ትምህርቱ ቀድሞ የገባቸው እነሱ ናቸው።

ሳራስ ሳራስቫቲ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣችው ጥናት፣ ልምድ ያላቸው ሥራ ፈጣሪዎች «ስንት አተርፋለሁ?» ብለው ሳይሆን «ስንት ብከስር እችለዋለሁ?» ብለው እንደሚነሡ አሳይታለች። ይህ ጥያቄ ለእኛ ተማሪዎች ከማንኛውም የገበያ ትንበያ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ግን አንድ ቃል ይጨመርበት። ብከስር የምችለው ብቻ ሳይሆን፣ ብከስር *የማን* እንደሆነ። የእህቱን የሁለት ዓመት ቁጠባ ይዞ የሚሞክር ልጅ የራሱን ድፍረት ብቻ አይደለም የሚፈትነው።

የዚህ ዓይነት ስሌት በክፍል ውስጥ ቢሠራ አንድ ችግር ያመጣል፤ አንዳንዱ ቡድን ሴሚስተሩን ሙሉ ለፍቶ፣ ገበያውን አጥንቶ፣ ገንዘቡ የማን እንደሆነና ቢጠፋ ያ ሰው ምን እንደሚሆን ጽፎ፣ በመጨረሻ «ይህን ሥራ አንጀምረውም» ብሎ ይደመድማል። አሁን በሚሠራበት የነጥብ አሰጣጥ ይህ ቡድን መውደቁ ነው፤ ፕሮጀክቱ አልተሟላምና። እኔ መምህሩ ብሆን ኤ እሰጠው ነበር፤ የዲፓርትመንቱን ኃላፊ ግን በምን እንደማሳምነው ገና አላሰብኩበትም።