በሁሉም የሚበልጠን ሰው ሲኖር

በየኅብረቱ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ይዘምራል፣ ኪቦርድ ይጫወታል፣ ያስተምራል፤ ወንበር ሲደረደር እንኳ ከሁሉ ይፈጥናል። እናንተም አጠገቡ ቆማችሁ «ታዲያ እኔ ምን አደርጋለሁ?» ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። ጥያቄውን በቅናት ብቻ አንመልከተው፤ በቁጥር የሚመለስ ቁም ነገር አለው።

ሥራን መከፋፈል ምርትን እንደሚያበዛ አዳም ስሚዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1776 አሳይቷል፤ አሥር ሠራተኞች የእስፒልን ሥራ ተከፋፍለው በቀን ከ48,000 በላይ ያወጡ ነበር። ግን አንዱ በሁሉም ቢበልጥስ?

ዴቪድ ሪካርዶ በ1817 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አነሣ። በምሳሌው ፖርቱጋል የዓመት ወይን ጠጇን በ80 ሰዎች፣ ጨርቋን በ90 ትሠራለች። እንግሊዝ ለተመሳሳይ ወይን ጠጅ 120፣ ለጨርቁ 100 ሰው ያስፈልጋታል። (ወይን ጠጁን የመረጠው ሪካርዶ ነው፤ እኔን እንዳትጠይቁኝ።) ፖርቱጋል በሁለቱም ትበልጣለች። እያንዳንዳቸው ሁሉንም ለራሳቸው ቢሠሩ በድምሩ 390 ሰው ይደክማል። ፖርቱጋል ለሁለቱም የሚበቃ ወይን ጠጅ ብቻ ብትጠምቅ 160፣ እንግሊዝም ጨርቁን ብቻ ብትሠራ 200 ሰው ይበቃል፤ ድምሩ 360 ነው። ያው ወይን ጠጅ፣ ያው ጨርቅ፤ የ30 ሰው ጉልበት ተረፈ። እኩል በእኩል ቢለዋወጡ ፖርቱጋል የ10፣ እንግሊዝ የ20 ሰው ጉልበት ያተርፋሉ። በሁሉም የምታንሰው አገር የበለጠ አተረፈች!

ምክንያቱ ቀላል ነው። ብርቱውም ቀኑ 24 ሰዓት ነው። ወንበር ሲደረድር ለትምህርቱ አይዘጋጅም። እናንተ ከእርሱ ብትዘገዩም ወንበሩን ስትይዙለት ያ ሰዓት ይተርፈዋል፤ ኅብረቱም ትምህርቱን በደንብ ተዘጋጅቶበት ይሰማል። ሁሉን ብቻውን ካልሠራ የማይረካ ጎበዝም ይህን ስሌት ቢያየው መልካም ነው፤ ትጋት የሚመስለው ነገር ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው።

ስሌቱ ግን ዛሬ ማን ምን ቢሠራ እንደሚሻል እንጂ ነገ ማን ምን መሆን እንደሚችል አይናገርም። እዚህ ላይ ብዙ ኅብረቶች ይሳሳታሉ ብዬ አምናለሁ። ስሚዝ ራሱ በፈላስፋና በተሸካሚ መካከል ያለው ልዩነት ከተፈጥሮ ይልቅ በአብዛኛው ከልማድና ከትምህርት የመጣ ነው ብሏል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ሐዋርያት በቃሉ አገልግሎት እንዲጸኑ የማዕዱን ሥራ ለሰባት ሰዎች ሰጡ። ከሰባቱ አንዱ እስጢፋኖስ ግን በዚያው ምዕራፍ ከምኩራብ ሰዎች ጋር ሲከራከር ይገኛል፤ ሌላው ፊልጶስ ሰማርያ ወርዶ ሰበከ። ማዕድ ላይ ተሹመዋልና አፋቸውን ይዝጉ ያላቸው የለም።

በእናንተ ኅብረት ወንበር የሚደረድረው ልጅ በዚያ ሥራ ላይ ስንት ዓመት ሆነው? ኪቦርዱንስ አንድ ቀን ነክቶት ያውቃል?