ዕድሜ ላለመለወጥ ምክንያት ይሆናልን?

በቢቸናም ሆነ በሞጣ አንድ አረጋዊ ፊደል እንዲቆጥር ወይም የቆየ ቂሙን እንዲተው ሲለመን «ካረጁ አይበጁ» ብሎ ቢመልስ አያስደንቅም። ንግግሩ ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን እውነት መሆኑን ልንመረምር ይገባናል። ሰው በእርጅናው መለወጥ የማይችል ከሆነ፣ ንስሐ ግባ ማለት የማይቻለውን መጠየቅ ይሆናልና።

የሳይንስ ሊቃውንትም ለረጅም ጊዜ የጎልማሳን አንጎል የማይለወጥ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ዛሬ ግን የነርቭ ሕዋሳት ግንኙነት ሲሠራበት እንደሚጠነክር፣ ሲተው እንደሚደክም ታውቋል፤ እግር የሚበዛበት የገበያ መንገድ እንደሚቀና፣ የተተወውንም ሣር እንደሚያለብሰው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ በኮሎምቢያ በጎልማሳነታቸው ማንበብ የተማሩ የቀድሞ ሽምቅ ተዋጊዎችን ካልተማሩ ሰዎች ጋር ሲያነጻጽር፣ የአንጎልን ቀኝና ግራ የሚያገናኘው ክፍል በተማሩት ዘንድ ይበልጥ ዳብሮ አግኝቶታል። በአገራችንም በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ጎልማሶችን ከፊደል ጋር አስተዋውቋል። እርግጥ ሕፃን ከአረጋዊ ይልቅ ፈጥኖ ይማራል፤ መዘግየት ግን አለመቻል አይደለም።

ምስክር ፍለጋም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እ.ኤ.አ. በ1791 በጎጃም የተወለዱት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፣ ለቢቸናም ለሞጣም ጎረቤት በሆነው በመርጡለ ማርያም ገዳም የተማሩ፣ በሊቅነታቸው የታወቁ መነኩሴ ነበሩ። እውነትን ሲፈልጉ ኖረው ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የገቡት በ1844፣ ዕድሜያቸው ከ50 ካለፈ በኋላ ነው። ከአቡነ ያዕቆብ፣ ማለትም ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ ጋር ሲደክሙ ቆይተው በ1851፣ በ60 ዓመታቸው ገደማ፣ ክህነትን ተቀበሉ፤ በ1855ም ስለ እምነታቸው ታስረው ሳሉ ዐረፉ። መምህር ተብለው ከተከበሩ በኋላ እንደ ገና ደቀ መዝሙር ለመሆን አላፈሩም።

ይህ የመለወጥ ችሎታ ግን ለበጎ ብቻ አያገለግልም። በየቀኑ የምናመላልሰው ቂምም መንገዱን ያቀናል፤ በዚህ ረገድ አረጋዊም ሳያውቀው ሲማር ይውላል። ስለዚህ ጥያቄው «በዚህ ዕድሜዬ እማራለሁን?» ሳይሆን «በየቀኑ የምማረው ምንድን ነው?» የሚል ሊሆን ይገባል። ጸጋም የሚሠራው በዚሁ በተሰጠን ተፈጥሮ ላይ ነው።

በሕመም ምክንያት የማስታወስ ኃይሉ የተወሰደበትን አረጋዊ ግን በስንፍና አንውቀሰው። ለእርሱ የምንሰጠው ወቀሳ ሳይሆን እንክብካቤ ነው፤ እርሱ የዘነጋውን ጸሎት አጠገቡ ሆነን እንጸልይለት።

እንግዲህ እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ሽማግሌና ባልቴት ለመማር ሲመጡ ጥቂት በጥቂት፣ እየደጋገማችሁ አስተምሩ፤ ቢዘገዩም አትሰልቹ። እኛም በዕድሜ የገፋን ምእመናን ዕድሜያችንን ሰበብ አድርገን ያቆየነውን አንድ ነገር፣ ትምህርትም ይሁን እርቅ፣ ዛሬ እንጀምር።