ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ፤ ጎረምሳውንስ?

«ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» የሚለው ተረት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ልጅ አይደለም። ባሏን እየወደደች በአመሉ ለምትማረር ሴት ይነገራል፤ አገሬን እወዳለሁ እያለ የአገሩን ሰው ለሚንቅም ይነገራል። ሥዕሉ ግን ሁላችንም ቤት ያለ ነው። እንግዳ ይመጣል፤ ታጥቦ፣ ቅባት ተቀብቶ፣ አዲስ ልብስ የለበሰውን ሕፃን ተቀብሎ ይስማል፣ ያሞካሻል። የልጁ አፍንጫ መዝረብረብ ሲጀምር «እንኪ ልጅሽን» ብሎ ለእናቲቱ ይመልሳል። አበው የተቆጡት በዚህ ሰው ላይ ነው። እንዲህ ያለው ሰው የወደደው አዲሱን ልብስ እንጂ ልጁን አይደለም።

ኦቲዝም ያለበት ልጅ በሚያድግበት ቤት ይህ ተረት በየቀኑ ይፈተናል። በዚያ ቤት «እንኪ ልጅሽን» የሚለው ሰው እንግዳ ብቻ አይደለም። ጎረቤት ይላል፣ መምህር ይላል፤ አንዳንዴ አባትም ይላል። እናቲቱ ራሷ እንኳ በልቧ «ሲሻለው እወደዋለሁ» የምትልበት ቀን አለ፤ በዚህ ልትወቀስ አይገባም፣ ሰው ናትና።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ ኦቲዝምን ጨምሮ የእድገት እክል ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ከመቶ 45ቱ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናገሩ። ከአራት አንዱ ነገሩ እንዳይታወቅ ይጥራል። ከመቶ 40 ያህሉ ደግሞ ምክንያቱ ክፉ መንፈስ ነው ብለው ነበር፤ በኃጢአት የመጣ ነው ያሉም አልታጡም። እናትን መውቀስ የእኛ ብቻ ጥፋት አይደለም። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም ካስተዋወቀ በኋላ፣ አሜሪካ ውስጥ ብሩኖ ቤተልሃይምን የመሳሰሉ ሰዎች ልጁን እንዲህ ያደረገው የእናቱ ፍቅር መቀዝቀዝ ነው እያሉ ለዓመታት አስተማሩ። ስንት እናት በዚህ ውሸት ስታለቅስ ኖረች! ዛሬ የታወቀው ኦቲዝም ከአንጎል እድገት የሚነሣ፣ አብዛኛው ምክንያቱም በዘር የሚወረስ መሆኑ ነው። ክትባት አያመጣውም፤ የእናት ጥፋትም አያመጣውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ሲባል ኖሯልና፣ በዚህ ነገር የእኛ ተረት ከቤተልሃይም ትምህርት ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል።

እስከዚህ ድረስ ተረቱ ልክ ነው። ልጁ እስኪሻለው ሳይጠበቅ ዛሬ ይወደድ ይላል፣ እኔም እላለሁ። የሚያስቸግረኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው።

ንፍጥን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጨርቅ አንሥቶ ይጠርጋል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ የሚያደርገውን ግን በዓይን ያየ ሁሉ አያውቀውም። ታክሲ ውስጥ እንበል። ረዳቱ መዳረሻውን ይጣራል፣ ሾፌሩ ሙዚቃውን ከፍ ያደርጋል፣ ከኋላ የመጣ መኪና ጡሩምባ ይነፋል። የስድስት ዓመቱ ልጅ ጆሮውን በሁለት እጁ ይደፍንና ይጮኻል፤ ጭንቅላቱን ከመስታወቱ ጋር ያጋጫል። «ልጅሽን ሥርዓት አስይዢው እንጂ» ይላል አንዱ። «ጸበል ወስደሽዋል?» ትላለች ሌላዋ። ልጁ ግን እየባለገ አይደለም። ብዙዎቹ እነዚህ ልጆች ድምፅ፣ ብርሃን፣ ሽታና መነካት ከሌላው ሰው እጅግ በርትቶ ይሰማቸዋል። ለእኛ ግርግር የሆነው ለእሱ ሕመም ነው። የቅንጦት ለቅሶ ዓይኑ ወዲህና ወዲያ ነው፤ የፈለገውን ሲሰጡት ያቆማል። ይህኛው ግን የሚፈልገው ነገር ስላለ አይደለም የሚጮኸው፤ ማቆም ቢፈልግም አይችልም። የሚረዳው ድምፁን መቀነስ፣ ቦታ መስጠት፣ ቃል ማሳጠርና መጠበቅ ነው። መግረፍ በሕመም ላይ ሕመም ይጨምራል።

ምግብም እንዲሁ ነው። ከነጭ ማኮሮኒ በቀር የማይበላ ልጅ አለ፤ ወጥ ከነካው ሳህኑን ይገፋዋል። አያት «አሞላቀቃችሁት፣ ሲርበው ይበላል» ይላሉ። ላይበላም ይችላል፤ ምላሱ ላይ የእንጀራው መላላት ወይም የወጡ መቅጠን የሚያንገፈግፍ ስሜት ይፈጥርበታልና። አዲሱን ምግብ በግድ ከማጉረስ ይልቅ ከሳህኑ አጠገብ ትንሽ ማኖር፣ ማየቱን፣ ማሽተቱን፣ በጣቱ መንካቱን እንደ እርምጃ መቁጠር ይሻላል። መንገድ ተዘግቶ ታክሲው በሌላ በኩል ሲዞር፣ መብራት ጠፍቶ የለመደው የቴሌቪዥን ዝግጅት ሲቀር፣ ፀጉር ቆራጩ ማሽኑን ሲያስነሣ፣ እኛ እንደ ተራ ነገር ያለፍነው ልጁን ሊያናጋው ይችላል። ቀድሞ የተነገረው ልጅ ግን ይሻለዋል። በስልክ የተነሡ ፎቶዎችን በተርታ ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ መነሣት፣ መታጠብ፣ ቁርስ፣ ታክሲ፣ ትምህርት ቤት እያሉ በጣት ማሳየት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መናገር ያቃተው ልጅም ውኃ ሲጠማው የብርጭቆውን ፎቶ አንሥቶ መስጠትን ሲለምድ፣ ብዙው ጩኸት ይቀንሳል። ይጮኽ የነበረው ሌላ መጠየቂያ ስላልነበረው ነው።

እዚህ ላይ በውጭ አገር ላሉ ወላጆች አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። «ልጁ ግራ እንዳይጋባ አማርኛውን ተዉት» ተብለው ቤታቸው ውስጥ ዝም ያሉ እናቶችና አባቶች አሉ። በሁለት ቋንቋ ማደግ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ንግግር ይበልጥ እንደሚያዘገየው ጥናቶች አላሳዩም። አያቱ የምታውቀው አማርኛ ብቻ ከሆነ፣ አማርኛውን መንጠቅ አያቱን መንጠቅ ነው።

ተረቱ ከነንፍጡ ውደዱት አለ እንጂ ንፍጡን ተዉት አላለም። ይህን የሚረሱ ደጋግ ሰዎች ብዙ ናቸው። «አይችልም፣ ተዪው» እየተባለ በዘጠኝ ዓመቱ ዳይፐር የሚታሰርለት፣ በሰው እጅ የሚጎርስ ልጅ አለ። ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ ልጁን ግን ያስረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና ዘጠኝ የቡድን ትምህርትና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ከአገሩ ኑሮ ጋር ተስማምቶ ተሞክሯል። ዋናው ነገሩ ቀላል ነው፦ ከልጁ ጨዋታ ተነሡ፤ ሥራውን ከፋፍሉት፤ ትንሿን እርምጃ አመስግኑ። እጅ መታጠብ አንድ ሥራ አይደለም። ቧንቧ መክፈት፣ ማርጠብ፣ ሳሙና ማንሣት፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ መዝጋት፣ ማድረቅ ነው። ዛሬ መዝጋቱን ብቻ ቢማር ተምሯል።

«አድናለሁ» የሚል ሰው ከመጣ ግን በሩን ዝጉበት። ኦቲዝምን የሚያጠፋ ክኒን፣ ቅጠልም ሆነ መርፌ የለም። ጸበል መውሰድ የእምነት ጉዳይ ነው፣ አልነካውም። ይሁንና የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ከሌላው በብዛት ይታያል፤ የታዘዘለትን መድኃኒት አስቁሞ ልጁን መውሰድ ሕይወቱን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ተረቱ ከሁሉ በላይ የሚወድቀው ዕድሜ ላይ ነው። ንፍጣም ልጅ ያድጋል፣ አፍንጫውም ይደርቃል፤ ወዳጆቹ የታገሡት ለጊዜው ነው። ኦቲዝም ግን አብሮ ያድጋል። የአምስት ዓመት ልጅ የማያውቃትን ሴት ሮጦ ሲያቅፋት «እንዴት ያለ ፍቅር የሆነ ልጅ!» ይባላል። ያው ልጅ በ15 ዓመቱ ጢም አቀምቅሞ፣ ድምፁ ጎርንኖ፣ ልስላሴው ስለሚያስደስተው ብቻ የአንዲትን ሴት ነጠላ ቢዳስስ በጥፊ ይመታል፤ ፖሊስ ጣቢያም ሊደርስ ይችላል። በልቡ የተለወጠ ነገር የለም። የተለወጠው ቁመቱና የሰው ዓይን ነው። እናቱ እንደ ድሮው አቅፋ ልታነሣው አትችልም። ሲናደድ ታናናሾቹ ይሸሹታል። ትምህርት ቤቱ «ከዚህ በላይ አንችልም» ይላል። ቀስ በቀስ በሩ ይቆለፋል፤ የሚቆልፉትም ስለሚጠሉት አይደለም፣ ስለሚፈሩለት ነው።

ስለዚህ የጉርምስናው ትምህርት በስድስትና በሰባት ዓመት ይጀመር። ማንን ማቀፍ፣ ማንን መጨበጥ፣ ማንን በእጅ ምልክት ብቻ ሰላም ማለት እንደሚገባ በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ቃል፣ በፎቶ ይነገረው። ልብስ የሚወልቅበት ቦታ አንድ ክፍል ይሁን፣ በሩም ይዘጋ። ለሴት ልጅ የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ሞዴሱ ይታያት፣ ማድረጉን ትለማመድ፤ ደም በድንገት ስታይ እንዳትደነግጥ። ሌላም የከበደ ነገር አለ። ለሁሉ ሰው እሺ እንድትል ብቻ የተማረች፣ የሆነውንም መናገር የማትችል ልጅ ለክፉ ሰው የተመቸች ናት። ጎበዝ የምንላት ዝም ብላ ስለታዘዘች ብቻ ከሆነ በደልናት። እንቢ ማለትን፣ እጅ መግፋትን፣ የአካሏን ክፍሎች ስም እናስተምራት። ማፈሩን ትተን እናስተምራት!

ይህን ሁሉ ሸክም የተሸከመ ሰው አገራችን አጥታ አታውቅም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጥተው ስለ ኦቲዝም በአደባባይ መናገር ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ዛሬ በሕይወት የሉም፤ «የእኔም ልጅ እንዲህ ነው» ለማለት አፍ ያገኘ ወላጅ ሁሉ የእሳቸው ባለዕዳ ነው። በወላጆች የተቋቋመው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም አለ። ሁለቱም ግን ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ ወረፋውም ረጅም ነው። ደብረ ብርሃን ወይም ጅንካ ያለች እናት የምታገኘው ጎረቤቷንና ዘመዷን ነው።

ከእነዚህ እናቶች ጋር ረጅም ጊዜ የተቀመጠ ሰው አንድ ጥያቄ ሳይሰማ አይነሣም፦ «እኔ ስሞት ማን ያየዋል?» ተረቱ ልጅን ውደዱ ሲል ለእናት ብቻ አልተናገረም፤ እናትማ መካሪ አትፈልግም። የተናገረው ለሌላው ነው፤ ለአክስት፣ ለአጎት፣ ለክርስትና አባት፣ ለዕድርተኛ። እናቲቱ የሞተች ቀን ድንኳን የሚተክል ሁሉ ልጇ ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ በምን እንደሚተኛ አያውቅም። እሷ በሕይወት እያለች ካልተማረውም ከዚያ በኋላ የሚነግረው የለም።

በዘመድ ወይም በጎረቤት ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ካላችሁ፣ ቅዳሜ ሂዱ። ምን እንደሚያስጨንቀው፣ በምን እንደሚረጋጋ እናቱን ጠይቋት፤ አጠገቧ ተቀምጣችሁ ስታበላው እዩ። ልጁ ፊታችሁን ሲለምድ «ሂጂ፣ ሁለት ሰዓት ተኚ፤ እኔ አለሁ» በሏት።